የውቤ ፎቶ ያለበት ሃርድ ዲስክ

መርካቶ፣ መሳለሚያ
ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፍስሐ፤

ባሕሩም ነፋሱም እንዳልከፋብህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከጭቃውና ከመብራቱ ፈረቃ በቀር ደህና ነን። እናትህ ወገቧን ያማት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ባለህበት ሁሉ ራጉኤል ይጠብቅህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ብርሃኔ የሚባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። መርከባችሁ ወደብ ስትገባ ለአንተ የሚሰጥ ሰው አላጣም ብሎኛል። ስልክ እንዳልደውል አንተ ባሕር ላይ ነህ። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ እንዳልጽፍ ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመት ሰው ፎቶ ያነሣሁ ሰውዬ አንዲት ፊደል ፍለጋ ስዳክር ሰፈሩ እንዲስቅብኝ አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥምቀት ላይ ስትመጣ ያመጣህልኝ ጥቁሩ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ የፎቶ ቤቱን ፎቶ ሁሉ የማስቀምጥበት፣ ጉድ ሠራኝ። መብራት አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ባለፈው ማክሰኞ የጠፋው መብራት ሲመጣ ኃይሉ በዝቶ መጣና ሁለት አምፖል አቃጠለብኝ፤ ከሃርድ ዲስኩ በኩልም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ መብራቱ አይበራም፣ ኮምፒውተሩም አላውቀውም ብሏል።

የሰርጉና የልደቱ ፎቶ ቢቀር ግድ የለኝም፣ ታጥቦ ለባለቤቱ የተሰጠ ነው። የጨነቀኝ የአንድ ሰው ፎቶ ነው። ጭድ ተራ ውቤ የሚባል ተሸካሚ ነበር። ሰኔ 5 ቀን ከጭነት መኪና ላይ ጆንያ ተንዶበት ሞተ። ጓደኞቹ አዋጥተው ቀበሩት። እናቱ እማማ ደብሪቱ ከመርሐ ቤቴ የደረሱት በአራተኛው ቀን ነው። ልጁ ከአገሩ ሲወጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሃያ ሦስት ሆኖት ሞተ። በመካከሉ አንድም ቀን አላዩትም። ሬሳውንም አላዩ። መታወቂያ የለው፣ ልብሱም ሆስፒታል ቀርቷል።

በእነሱ አገር ሬሳው ያልመጣ ሰው በአርባው ነው በደንብ የሚለቀስለት። አርባው ሐምሌ 14 ይውላል። አልቃሽ ደግሞ በእጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። «ባዶ እጄን ቆሜ ባለቅስ ሰው ልጅ አልነበራትም ይለኛል» አሉኝ እማማ ደብሪቱ።

ውቤ በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው ፎቶ የተነሣው፤ እኔ ጋ፣ ያኔ በጥምቀት ሰሞን። ብር ሲያገኝ መጥቶ ሊያሳጥብ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ያቺ ፎቶ ያለችው እዚያ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። ጓደኞቹ ናቸው እናቱን ይዘው የመጡት። የመጡት ሰኞ ነው፤ መብራት ስላልነበረ «ነገ ይምጡ» አልኳቸው፤ ነገ ሲመጣ የሆነውን ነገርኩህ። እማማ ደብሪቱ ሲሄዱ እጄን ይዘው ለመኑኝ። «ለአርባው ይደርስልዎታል» ብዬ ቃል ገባሁ። ምን ልበል ታዲያ።

ስለዚህ ምን እንደማደርግ ቶሎ ጻፍልኝ።

አጎትህ ጥላሁን


ጅቡቲ ወደብ
ሰኔ 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ጥላሁን፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ማታ ስለምንነሣ ዕቃው እየወረደ ሳለ እዚሁ ማሽን ክፍል ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱ ግራሶ ቢነካው ይቅር ይበሉኝ።

ጋሼ፣ አይጨነቁ። የሸተተዎት ግድግዳው ላይ የሚሰካው አዳፕተር ይመስለኛል። እሱ ነው ቀድሞ የሚቃጠል። ዲስኩ ራሱ ምንም ላይሆን ይችላል። ጀርባው ላይ 12 ቮልት የሚል፣ ጫፉ ከድሮው ጋር የሚገጥም አዳፕተር ይግዙና እሱን ብቻ ቀይረው ይሞክሩ። መርካቶ ውስጥ እሱ አይጠፋም።

አንድ አደራ አለኝ። ሳጥኑን አያስፈቱ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ሰላሃዲን ልፍታልዎት ቢልዎትም እሺ አይበሉ። ለምን እንደሆነ ልጽፍልዎ ነበር፣ ግን አሁን እየጠሩኝ ነው፤ ብርሃኔም ሊነሣ ነው። ከሚቀጥለው ወደብ፣ ከጀበል ዓሊ በደንብ እጽፋለሁ።

ለእማማ ደብሪቱ እግዚአብሔር ያጽናዎት ይበሉልኝ። እናቴን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ፍስሐ


መሳለሚያ
ሐምሌ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለፍስሐ፤

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። የብርሃኔ መኪና ሚሌ ላይ ተሰብሮ አምስት ቀን በፀሐይ ተቀምጧል። ደብዳቤውን በደረት ኪሱ ይዞ መቆየቱን ምሎ ነገረኝ፣ እኔም አምኜዋለሁ፣ በላብ ርሷል።

«ሳጥኑን አያስፈቱ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። አስፈትቼዋለሁ። አንተ ይህን ከመጻፍህ ሁለት ቀን በፊት።

ሰላሃዲንን ታውቀዋለህ፣ ፎቅ ላይ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ። ልጁ እጁ ቶሎ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውስጡ ተራ ሃርድ ዲስክ ነው፤ አውጥተን ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ብንሰካው ይከፍታል» አለኝ። እውነትም ብሎኑን ሲፈታ ከውስጡ እንደማንኛውም ዲስክ ያለ ዲስክ ወጣ። ተሰካ። ዞረ። በጆሮዬ ሰማሁት፣ እህህ እያለ ይዞራል። ደስ አለኝ፣ ለሰላሃዲን ለስላሳ አዘዝኩለት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ዲስክ ገብቷል አለ፤ ግን ምንም አላየሁበትም፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከታች አዎና አይ የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። ሰላሃዲን «ጋሼ፣ እንዳይነኩት» ብሎ አይ የሚለውን ተጫነ።

ከዚያ ደግሞ አውጥቶ በራሱ ሌላ ሳጥን ውስጥ አስገባውና በውጭ በኩል ሰካው። ያው ጥያቄ። በሌላ ኮምፒውተር ሞከረው። ያው። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲያደርገው ሰነበተ፤ ዲስኩ ቤት እንዳጣ ተከራይ ሲንከራተት ከረመ። ሰላሃዲን «ደህና ነው፣ ግን አይናገርም» ይላል። እኔ ምኑ ይገባኛል።

እማማ ደብሪቱ ከአገራቸው ከዓለም ከተማ ስልክ አስደውለው ነበር። «ደረሰ ወይ?» አሉ። «ሊደርስ ነው» አልኩ። የምትነግረኝ ካለ ፍጠን። የቀረው አሥር ቀን ነው።

አጎትህ ጥላሁን


ጀበል ዓሊ
ሐምሌ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሽ ጥላሁን፤

ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የሚያመጣው አንድ የመርከብ ጓደኛዬ ነው፤ ፈቃድ አግኝቶ በአውሮፕላን ይገባል። የእርስዎ ሁለተኛ ደብዳቤ ገና አልደረሰኝም፤ ቃል ስለገባሁ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሳጥኑን አያስፈቱ ያልኩት ለዚህ ነው። በሳጥኑ ውስጥ፣ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ፣ የጣት ርዝመት ያላት አረንጓዴ ሰሌዳ አለች። ዲስኩ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ በራሷ ቁልፍ እየቆለፈች ነው የምታስቀምጠው። ባለቤቱ ሳያውቀው ነው ይህን የምታደርገው። ስለዚህ ዲስኩን አውጥተው ኮምፒውተር ውስጥ ቢሰኩት ኮምፒውተሩ ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስለዋል። ዲስኩ ግን አልተበላሸም። በዚያችው ሰሌዳ በኩል ሲመለስ ይከፈታል።

አይሆንም እንጂ ከተፈታም፣ ወደዚያው ወደ ራሱ ሳጥን ይመልሱት፣ አዲስ አዳፕተር ይስጡት፣ ይሠራል። ሳጥኑ እንዳይጠፋ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርግ ብሎ ቢጠይቅዎ ደግሞ አዎ የሚለውን በፍጹም አይጫኑ። እሱን ከተጫኑ እኔም ሆነ ሌላ ሰው የምናደርገው የለም።

ይህን ሁሉ ከጅቡቲ መጻፍ ነበረብኝ። ሁለት መስመር ነበር የሚፈጀው። ለአርባው ይደርስ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ከዚህ ሆኜ ከማሰብ በቀር ምን አቅም አለኝ።

ልጅዎ ፍስሐ


መሳለሚያ
ሐምሌ 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለፍስሐ፤

እንዴት ነህ? እኛ ዝናቡ በርትቶብናል። ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐምሌ 19 ነው።

ባለፈው ያልጻፍኩልህ ነገር አለ። ሳጥኑ የለም። ሰላሃዲን ዲስኩን ባወጣ ማግሥት ለቆራሌው ሰጠሁት። ባዶ ፕላስቲክ መስሎኝ ነው። መርካቶ ውስጥ ባዶ ነገር ማን ያስቀምጣል? ካርቶኑ ይሸጣል፣ ጣሳው ይሸጣል፣ የተቀደደ ጆንያ እንኳ ገዢ አለው። ሠላሳ ዓመት የለመድኩትን ነው ያደረግሁት። ከተቃጠሉት አምፖሎችና እግሩ ከተሰበረው ትሪፖድ ጋር ደርቤ ሰጠሁት። የዕቃው ዋና ቁም ነገር ሆዱ ውስጥ ያለው ነው ብዬ፣ ልብሱን አውልቄ ሸጥኩ።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። መሬት ላይ ሸራ አንጥፈው የማይሸጡት የለም፤ የሬዲዮ ጀርባ፣ የቴሌቪዥን አንገት፣ የብረት ምጣድ እጀታ። ጥቁር ሳጥን ባየሁ ቁጥር አነሣዋለሁ። ስገለብጠው የሌላ ነው። በመጨረሻ አንድ ደመቀ የሚባል ነጋዴ አዘነልኝና «ጋሼ፣ ፕላስቲኩ ለሚፈጩት ሄዷል፣ ውስጡ ያለው አረንጓዴ ነገር ለሚያቀልጡት ሄዷል፤ ተለያይተዋል፣ አይድከሙ» አለኝ። እኔ ግን በማግሥቱም ሄጃለሁ።

አርባው አልፏል። እማማ ደብሪቱ ሐምሌ 11 ቀን መጥተው ፎቶ ይዘው ሄደዋል። ስለዚህ ብዙ አትቸኩል።

ባለፈው ኩላሊቴን ያመኛል ብለህ ለእናትህ የጻፍክላትን ሰምቻለሁ። ውሃ ጠጣ።

አጎትህ ጥላሁን


ጅቡቲ ወደብ
ነሐሴ 5 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሽ ጥላሁን፤

ጤና ይስጥልኝ። ኩላሊቴ ደህና ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ እዚህ ጠብቀውኝ አንድ ላይ ነው ያነበብኳቸው።

ሳጥኑ በመሸጡ አይዘኑ፣ መላ አለው። ጀበል ዓሊ ሳለሁ ለራሴ፣ የእርስዎን ከገዛሁበት ሱቅ፣ ያንኑ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ነበር። ከጀርባው ያለው የሞዴል ቁጥር ከእርስዎው ጋር አንድ ነው። የኔን ዲስክ አውጥቼ ሳጥኑን ከነሰሌዳውና ከነአዳፕተሩ ለብርሃኔ ሰጥቼዋለሁ። ተመሳሳይ ሰሌዳ ቁልፉን ታውቀዋለች። ሰላሃዲን ዲስኩን በዚህ ውስጥ ይግጠመው። አዎ የሚለውን ማንም ካልተጫነ ይከፈታል። አልተጫናችሁም አይደል?

ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ዲስኩ ካልተከፈተ፣ ለእማማ ደብሪቱ የሰጧቸው ፎቶ የማን ነው? ይህን መጠየቅ የኔ ድርሻ አይደለም፣ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ፍስሐ


መሳለሚያ
ነሐሴ 29 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለፍስሐ፤

ለጠየቅኸኝ ሁሉ እመልስልሃለሁ፤ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ሲጠራ ግን መልካም ነገር አልታየም።

ሐምሌ 11 ቀን እማማ ደብሪቱ መጡ። ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉ። አላስቸኮሉኝም። እሱ ነው የባሰው። የዚያን ቀን መብራቱ የሚቆየው እስከ ስምንት ሰዓት ነበር። ሰላሃዲን ሶላት ወጥቷል። የአንተ ሁለተኛ ደብዳቤ ገና አልደረሰም። ኮምፒውተሩ ያንኑ ጥያቄውን ይጠይቀኛል፣ እኔ አይ እላለሁ፣ መልሶ ይጠይቀኛል፣ አይ እላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አይ ብዬ ምን አገኘሁ? እማማ ደብሪቱ ዓይናቸውን እኔ ላይ አድርገዋል። አዎ የሚለውን ተጫንኩ። ማንም አልገፋኝም፣ በራሴ ጣት ነው። አንድ አረንጓዴ መስመር እየሞላ ሄደ። ፎቶው እየመጣ መስሎኝ ተስፋ አደረግሁ። ሞልቶ ሲያበቃ ዲስኩ ተከፈተ። ነጭ ነው። ምንም የለበትም።

ዞር ብዬ ሳያቸው አሁንም እየጠበቁኝ ነው።

መሳቢያ ውስጥ ታጥበው ባለቤታቸው ያልወሰዳቸው ፎቶዎች አሉኝ። ቀብድ ከፍለው ይሄዱና ይቀራሉ። ከዚያ ውስጥ የአንዱን አወጣሁ። ሐምዱ ይባላል፣ የወሎ ልጅ ነው፣ ከውቤ ጋር በአንድ ጭነት ይሠሩ ነበር። በየቀኑ በደጄ ያልፋል፣ ጋሼ ብሎኝ ያልፋል። እሱም ቀጠን ያለ፣ ጠይም ነው። የእማማ ደብሪቱ ዓይን ሞራ ለብሷል፣ ደግሞ ልጁን ዘጠኝ ዓመት አላዩትም፣ አይለዩትም አልኩ። በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው። አውጥተው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ መረቁኝ። «የሰው ፊት አያሳይዎት» አሉኝ። እኔ አሜን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሐምዱ በደጄ ሲያልፍ ጎንበስ ብዬ ዕቃ የምፈልግ እመስላለሁ። በሕይወት ያለ ሰው በፎቶው ሲለቀስበት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አንድ ቀን ሲያነክስ አይቼው ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ጆንያ ወድቆ እግሩን ነክቶት ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

የላክኸው ሳጥን ነሐሴ 14 ደረሰኝ። ሰላሃዲን ገጠመው። ሰማያዊው መብራት ወዲያው በራ። አሠራሩ ልክ እንዳልከው ነው፣ ምንም አልተሳሳትክም። ግን አዎ ተብሏል። ሰላሃዲን የጠፋ ፎቶ መፈለጊያ ሲዲ አለው፣ ሁለት ቀን ፈለገ። ያወጣው የፎቶ ቁራጭ ነው። ግማሽ የሰርግ መኪና፣ የአንዲት ሴት እጅ ከነሂናው፣ ግራጫ መስመር። ውቤ የለም። ሰላሃዲን ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። ተቆጥቼ ልሰጠው ብሞክርም አልተቀበለኝም።

ከዚያ ሰማንያው መጣ፣ ነሐሴ 24። ቤቴ መቀመጥ አልሆነልኝም። ዓለም ከተማ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግሬ ሄድኩ። ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ ብለው አከበሩኝ፣ ከቄሱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሰዉ በልቶ ሲበተን እማማ ደብሪቱ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ፖስታውን ከሣጥናቸው አወጡና ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ልጅ በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ» አልኩ።

«ተመስገን። እናቱ ጋ ይድረስ። አላለቀስኩበትም።»

ገና መርካቶ ከፖስታው ሲያወጡት ነው ያወቁት። «ዓይኔ ደክሟል እንጂ ልጄን አልረሳሁም» አሉኝ። በአርባው ዕለት ፎቶውን ፊቱን ወደ ደረታቸው አዙረው፣ በነጠላቸው ሸፍነው ይዘው ነው የቆሙት። ሰዉ አሳዪን ሲላቸው አንጀቴ አልቻለም አሉ። ሰዉም አልቅሶ ሄደ። እንዲህ ያደረጉት የሌላ እናት ልጅ ላይ ሟርት እንዳይሆን ብለው ነው። ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም ብላቸው፣ «አንቱ በጣም ተጨንቀው ነበር፣ ላብዎ ይንጠባጠብ ነበር። የለኝም ማለት ከብዶዎት እንደሆነ ገባኝ» አሉኝ። ፍስሐ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ከዚያ ቀና ብለው፣ «አንቱ ግን አይተውታል» አሉኝ። «ጎልምሶ ምን ይመስል ነበር? ጢም አውጥቶ ነበር? አባቱን ነው የመሰለው? ይንገሩኝ፣ እሱን ይዤ አለቅሳለሁ።»

አላስታወስኩትም። ሠላሳ ዓመት ሰውን ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ አድርግ፣ ወደዚህ እይ እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ አንዱን ልጅ ምን ይመስል እንደነበር መናገር አቃተኝ። ጓዳው ውስጥ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁት። ጫማው የተቀደደ ስለነበር ከወገቤ በላይ ብቻ ያንሡኝ እንዳለኝ አስታውሳለሁ፣ እሱን ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። «ከዚያስ?» አሉኝ። ከዚያ የለኝም። እሳቸው እየጠበቁኝ ቆሙ።

ስመለስ ሐምዱን ጠራሁትና ፎቶውን ሰጠሁት። ረስቼው ነበር ብሎ ደስ አለው። የት እንደከረመች አልነገርኩትም። የውቤን መልክ ጠየቅሁት። አምስት ዓመት አብረው ተሸክመዋል። «ደግ ነበር፣ ጉልበቱ ብርቱ ነበር» አለኝ። መልኩስ አልኩት። «መልኩማ ያው የሰው መልክ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ሸክም ላይ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚዋል፣ ማን የማንን ፊት ያያል።

እንግዲህ ስለ ሃርድ ዲስኩ ምንም እንዳትጽፍልኝ። ሳጥኑን በብርሃኔ መልሼልሃለሁ፣ የራስህን ዲስክ አስገባበት። የምለምንህ ሌላ ነው። ያኔ በጥምቀት ሰሞን ውቤ ሲነሣ አምፖሉን ይዘህ አጠገቡ የቆምክልኝ አንተ ነህ። እኔ ከካሜራው ጀርባ ነበርኩ፣ አንተ ግን ቀርበህ አይተኸዋል። ትንሽም ብትሆን የምታስታውሳት ካለች፣ ጢሙን ይሁን፣ ግንባሩን ይሁን፣ ጻፍልኝና ለእናቱ ወስጄ ላንብብላቸው። የማታስታውስ ከሆነም አላስታውስም ብለህ ጻፍ፤ እንደኔ ሌላ ሰው እንዳትሰጠኝ።

አጎትህ ጥላሁን